ባሕር የማያይ ውሃ

ጥር ሲገባ አገራችን ሁለት መልክ ይኖራት ነበር። ከከሚሴ በስተምዕራብ የተደረደሩት ተራሮች ቡላ ይሆናሉ። በስተምሥራቅ ከአፋር በኩል የሚጋርደን ጋራ ደግሞ ግራሩ ቅጠሉን አርግፎ፣ ድንጋዩ አግጥጦ አመድ ይመስላል። መካከሉ ግን ጨፋ የሚባለው ረግረግ ነው። ደንገሉና ፊላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ፣ ሳቢሳው ከከብቱ ጀርባ እየተነሣ እየተቀመጠ፣ ውሃው በሣሩ መሀል እያብለጨለጨ፣ ወሩ የበጋ መሆኑን ያስረሳል። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ መንገደኛ ያን ልምላሜ ሲያይ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን ያወጣ ነበር። እኛን ልጆቹን ግን አይገርመንም። አገር ሁሉ እንዲህ ያለ መስክ ያለው ይመስለን ነበር።

ያን ጊዜ የአፋር ከብት ይመጣል። በመጀመሪያ ከጋራው ወገብ ላይ አቧራ ይነሣል፤ ቀጥሎ ግመሉ፣ ከብቱ፣ ፍየሉ ተራ በተራ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ወሬው ግን ከከብቱ ቀድሞ ደርሷል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ሳይነጋገሩ አይለያዩም። የት ዘነበ፣ የትኛው ኩሬ ደረቀ፣ ጨፋ ዘንድሮ እስከ የት ድረስ ተኝቷል፣ ሁሉም በዳጉ ይታወቃል። ስለ ዝናብ የሚነገር ዜና በሬዲዮ ከመስማቴ በፊት በሰው አፍ ሲጓዝ ሰምቼዋለሁ።

ሣሩን የሚፈልገው ብዙ ነው። ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩ ሁሉም ከብቱን ይዞ እዚያው ይገናኛል። ጠብ ሲነሣ አበጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ቡናው ይፈላል፣ ዱአው ይደረጋል፣ ካሳው ይቆረጣል። ሁልጊዜ ይሳካ ነበር ማለት አይደለም። ሰው የሞተበትን ዓመት አስታውሳለሁ። ያም ሆኖ በሚቀጥለው ጥር አቧራው ከዚያው ጋራ ላይ ይነሣል፤ ሌላ የሚሄዱበት ውሃ አልነበረማ።

አያቴ ቤት ሁልጊዜ የሚያርፉ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ማሽላ ጭነው ይመለሳሉ። ገብተው መደቡ ላይ እንደተቀመጡ የሚጠይቁት ውሃ ነው። አያቴ ከቤቱ ጥግ ማቶት ላይ ከተቀመጠው እንስራ በቅል ቀድታ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጣሉ። ውጭ ፀሐዩ ያነዳል፤ ውሃው ግን ጥርስ ያቀዘቅዛል።

የዚያ እንስራ ሆድ ከውጭ በኩል ምንጊዜም እርጥብ ነበር። በእጄ ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነው፤ መዳፌ ላይ ቀይ የሸክላ እድፍ ይቀራል።

«እማማ፣ ይሄ እንስራ ያፈሳል እኮ» አልኳት አንድ ቀን።

«አያፈስም፤ ያልበዋል» አለችኝ። «የማያልበው እንስራ ውሃ አያቀዘቅዝም፣ የኔ ልጅ።»

በየጊዜው የውጩን ገላ በጭድና በአሸዋ ትፈትገው ነበር። እንስራው ሲያረጅ ግድግዳው በደለል ይደፈንና ማላቡን ይተዋል፤ ውሃውም ለብ ይላል። ያን ጊዜ እህል ይቀመጥበታል፣ ለውሃው ሌላ ይገዛል። ኋላ የመጣው ጄሪካን ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ አህያም ላይ ይመቻል። አያቴ ግን ከጄሪካን የተቀዳ ውሃ ለእንግዳ ሰጥታ አታውቅም።

እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችኝን ትምህርት ቤት ቆይቶ በቁጥር ነገረኝ። ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ የሚወስደውም እጅግ ብዙ ነው። አንድ ሊትር ውሃ እስኪፈላ የሚፈጀውን እሳት አስቡት። ያው አንድ ሊትር ተንኖ እስኪያልቅ የሚፈልገው እሳት ከዚያ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ድስት ጥዶ የረሳ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ እስኪደርቅ ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ነገሩ ከውሃ ተፈጥሮ የመጣ ነው። እያንዳንዷ የውሃ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላት፤ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ፣ በኦክስጅኑ በኩል ትንሽ ኔጋቲቭ ናት። ስለዚህ አንዷ ሌላዋን ትስባለች፣ አጥብቃም ትይዛለች። ከዚያ መያያዝ ተላቆ ወደ አየር ለመውጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበቱም የሚወሰደው ከቀረው ውሃ ነው። የቀረው የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው።

ጨፋም እንደ አያቴ እንስራ ነበር። በበጋ እኩለ ቀን ከከሚሴ ተነሥተን ወደ ረግረጉ ስንወርድ፣ ደንገሉ ጋ ሳንደርስ ቀዝቀዝ ያለ አየር ፊታችንን ይዳስሰን ነበር። መንገዱ ላይ እግራችንን ያቃጠለው ፀሐይ እዚያም ያው ፀሐይ ነው፤ ግን እዚያ ሙቀቱ መሬቱን ከማጋል ይልቅ ውሃውን በማትነን ያልቃል። ደንገሉም ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ በኩል ይተነፍሳል። እረኞቹ ከብቱን ቀትር ላይ ወደዚያ የሚነዱት ለሣሩ ብቻ አልነበረም።

እዚያ ዳር በሆዳችን ተኝተን ውሃውን እናይ ነበር። ቀጫጭን እግር ያላቸው ነፍሳት በውሃው ላይ ይሮጣሉ፤ እግራቸው የሚያርፍበት ቦታ ትንሽ ይሰረጉዳል እንጂ አይበሳም። በላዩ ላይ ያለው ውሃ እርስ በርሱ ተሳስቦ የያዘው ስስ ቆዳ አለው፤ ያው እንስራውን የሚያቀዘቅዘው መሳሳብ ነው እነዚያን ነፍሳት የሚሸከማቸው። እኛ ግን ይህን አናውቅም፤ ነፍሳቱ ምትሃት ያላቸው ይመስለን ነበር። ከስር ደግሞ አልቅቱ አለ። ከብቱ ሲጠጣ አፍንጫውና ምላሱ ስር ይጣበቃል፤ አባቶቻችን የበሬውን አፍ በልጓም ከፍተው በጣታቸው ሲለቅሙ ደሙ በክንዳቸው ይወርድ ነበር።

ስለ ጨፋ ሲወራ የሚዘለልና ሊዘለል የማይገባው ይህ ነው፤ ያ ውሃ ያበላንን ያህል አሳምሞናል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ከየቤቱ ሰው ይጥላል። ቢልሃርዚያ በቀንድ አውጣዎቹ በኩል እየመጣ ሲዋኙ የዋሉትን ልጆች ሆድ ይጨርሳል። አንድ ሰው መጥቶ «ይህ ረግረግ ይድረቅ» ቢል፣ ልጁን በወባ የቀበረ አባት ለምን ይቃወመዋል? ረግረጉን ማድረቅ ክፉ ሰዎች ያመጡት ሐሳብ አይደለም። እኔም በትኩሳት ስንቀጠቀጥ ባደርኩባቸው ሌሊቶች ጨፋን የወደድኩት አይመስለኝም።

የሳይንስ መጽሐፋችን ውስጥ የውሃ ዑደት የሚል ሥዕል ነበረ። በቀኝ በኩል ሰማያዊ ባሕር፤ ከባሕሩ ወደ ላይ የሚወጡ ቀስቶች፤ በላይ ደመና፤ በግራ ተራራ፤ ከተራራው ወንዝ ወርዶ ተመልሶ ወደ ባሕሩ ይገባል። ዙሩ ይገጥማል። ሁላችንም በደብተራችን ላይ ገለበጥነው፤ ባሕሩን በሰማያዊ እርሳስ አቀለምነው። ባሕር ያየ ልጅ ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ቦርከና የሚገባበት ባሕር የትኛው ነው?»

መምህራችን ወዲያው አልመለሱም። ጥቂት አሰቡና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያለውን ባሕር በመጥረጊያው አጠፉት። በምትኩ የኢትዮጵያን ካርታ ሣሉ። ቦርከና ከደሴ በላይ ካሉት ተራሮች ይነሣል፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ እዚያ ይተኛል፣ ይስፋፋል፣ ይዘገያል፤ ከዚያ ከጃራ ጋር ተገናኝቶ በምሥራቁ ጋራ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል። አቤ መውጫ የለውም። መምህራችን ጠመኔውን አስቀምጠው፣ «የእኛ ውሃ ባሕር አያይም። የሚወጣው በሰማይ በኩል ብቻ ነው» አሉን።

ከትምህርት ቤት ዘመኔ ከዚህ የበለጠ የነካኝ ቃል የለም። የቦርከና ውሃ ከጨፋ ይተናል፣ ከአዋሽ ዳር ማሳዎች ይተናል፣ የተረፈውም ከአቤ ላይ ይተናል። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል ስህተት አልነበረም፤ የኛን አገር ግን አያሳይም። እስከ ዛሬ ድረስ ከሚሴ ለምትገኝበት የኦሮሞ ዞንም ሆነ ለአፋር ልጆች ይህ ሥዕል በራሳቸው ወንዝ ተተክቶ ቢሣልላቸው ብዬ እመኛለሁ፤ ምክንያቱም ልዩነቱ የሥዕል ብቻ አይደለም።

ውሃ ሲተን ብቻውን ነው የሚሄደው። ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል። ውሃ ከሁሉ ፈሳሽ ይልቅ ብዙ ነገር የማሟሟት ጠባይ አለው፤ ከድንጋይ ላይ ሲፈስ ጨው፣ ኖራ፣ ሶዳ እያሟሟ ይሸከማል። ወደ አየር ሲነሣ ግን ሸክሙን ሁሉ መሬት ላይ ጥሎ ይነሣል። ባሕር የሚደርስ ወንዝ ሸክሙን ለባሕር ያስረክባል። ባሕር የማይደርስ ወንዝ ሸክሙን የሚያራግፈው በገዛ አገሩ ነው። አቤ ሐይቅ ጨዋማ የሆነው ለዚህ ነው፤ ዙሪያውን ከፍልውሃ የወጣ ኖራ እየተከማቸ የሠራቸው የድንጋይ ማማዎች የቆሙትም ውሃ ሸክሙን ስለሚጥል ነው። በመካከለኛው አዋሽ አሚባራ አካባቢ በመስኖ ይለማ የነበረ መሬት በጨው ተበልቶ የተተወውም በዚሁ ሕግ ነው። የመስኖው ውሃ የከርሰ ምድሩን ውሃ ወደ ላይ ያቀርበዋል፤ ውሃውም በአፈሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች እየተሳበ፣ ፋኖስ ክር ላይ እንዳለ ጋዝ ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ደርሶ ሲተን ነጭ ጨው ይቀራል።

ሰኞ ባቲ ገበያ ሲውል አጎቴን ተከትዬ ሄጄ ነበር። ግመሎቹ አሞሌ ጭነው ከአፋር መጥተዋል። አንዱን አሞሌ አንሥቼ ጫፉን ላስኩት። ይህ ጨው የመጣው ከዳናክል ነው፤ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ኋላ ተዘግቶ ደርቆ የቀረ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ምድር ነው። ባሕርን አይቼ የማላውቅ ልጅ የባሕርን ቅሪት በምላሴ ቀመስኩ። ውሃው ግን በሰማይ በኩል ሄዷል።

ጨፋ ለምን እዚያ ተኛ? አያቴ ስለዚህ ስትጠየቅ የምታነሣው የ1953ቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ነበር። ካራቆሬ ላይ መሬት ተሰንጥቆ፣ መጀቴ ፈርሳ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ማደሩን ትነግረን ነበር። «መሬቱ ገና አልተኛም» ትል ነበር። የጂኦሎጂ ሰዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አይሉም። የአፋር ምድር ከደጋው እየተለየ ሲሰጥም፣ በጠርዙ ላይ ረጃጅም ቁራጮች ወደ ታች ወርደዋል፤ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴና ከዚያም ወዲያ ያለው የቦርከና ሸለቆ አንዱ ነው። በምዕራብ የደጋው ግድግዳ፣ በምሥራቅ ያልሰጠመው ጋራ፣ በመካከል የወረደው ወለል። ከደጋው የሚወርድ ውሃ ሁሉ እዚህ ይያዛል፣ ደለሉን ያራግፋል፣ መረሬውን ያጠግባል። ስንጥቁ ጥልቅ ስለሆነ ወደ ታች የገባው ውሃም ግሎ ተመልሶ ይወጣል፤ ሀርቡ አጠገብ ያለው ፍልውሃ ምስክር ነው። ወገባቸውን የሚያማቸው አሮጊቶች ከእኛ ሰፈር እየተነሡ እዚያ ሄደው ይነከሩ ነበር።

የክረምቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሐምሌ ውስጥ በኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከምዕራብ ተራሮች በላይ ጥቁር ደመና ይቆለላል። ነጎድጓዱ ከሩቅ ይሰማል። ማሳ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። ድንገት አንዱ «ደራሽ! ደራሽ መጣ!» ብሎ ይጮሃል። ደረቅ የነበረው ወራጅ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ግንድ እየጎተተ፣ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሽታው ከውሃው ቀድሞ ይደርሳል፤ የደጋ አፈር ሽታ ነው። ያ ሁሉ ቁጣ ጨፋ ሲደርስ ይበርዳል። ደንገሉ ይቀበለዋል፤ ውሃው በሺህ ግንዶች መሀል ይበታተናል፤ ድንጋዩ ቀድሞ ይቀመጣል፣ አሸዋው ይከተላል፣ ጭቃውም ቀስ ብሎ ይረጋል። ከሳምንት በኋላ በሌላኛው ጫፍ ሲወጣ ያው ውሃ ነው ብሎ የሚያምን የለም። በአንድ ቀን የገባውን ጨፋ በወራት ነው የሚያወጣው። ጥር ላይ የአፋር ከብት የሚጠጣው የሐምሌን ዝናብ ነበር።

ይህ ማቆየት ስንት ነፍስ እንዳተረፈ የምናውቀው ዝናቡ በቀረባቸው ዓመታት ነው። በ1977 ባቲ ላይ ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ ሲቆም፣ በኛ በኩል ባለው መንገድ ላይ ሰው እንደ ጥላ ያልፍ ነበር። በ1994 ክረምቱ ዘግይቶ የአፋር ምድር በደረቀ ጊዜ፣ የመንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች ጨፋ መጥተው ያዩትን ሲዘግቡ 50,000 አርብቶ አደርና 200,000 ከብት ሸለቆውን መጠጊያ ማድረጋቸውን ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ ከከሚሴ ወጥቼ ነበር፤ ለዘመድ ጥየቃ ስመለስ ያየሁት ሣር ሳይሆን የከብት ጀርባ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማው የጥማት እምቧታ ነው። ከብቱ ከስቶ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ጭቃ ውስጥ ገብቶ መውጣት አቅቶት የሚቀርም አለ። ግን ውሃ ነበር። አንዲት አፋር እናት ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ጎንበስ ብላ በእጇ እየቀዳች ስታጠጣው አየሁ። ያ ዝናብ ያለፈው ዓመት የዘነበ ነው፤ መሬቱ ባያቆይላት ኖሮ ከአቤ ላይ ወደ ሰማይ ከሄደ በቆየ ነበር።

ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ደሴ ስሄድ ስለ ውሃ ሌላም ነገር ተማርኩ፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምድጃ። ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው ክፍል ባቄላ ቀቅለን ለመብላት የሚፈጀው ጊዜ ከቤታችን ይልቅ ይረዝም ነበር። ከሚሴ ከባሕር ወለል በ1,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ግድም ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትደርሳለች፤ እዚያ ውሃው በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። አየሩ ሲሳሳ ውሃውን የሚጫነው ክብደት ይቀንሳል፣ ቶሎ ይነሣል። እሳቱን ብታነዱት ተኑ ይበዛል እንጂ ባቄላው አይፈጥንም።

ደሴ ላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ ገና ጠዋት የቦርከና ሸለቆ በጉም ይሞላ ነበር። ዝናቡ ከወዴት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የያዘኝ እዚያ ነው። በልግ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው፣ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር በሚነፍስ ነፋስ ይመጣል። ክረምት ደግሞ ብዙ ምንጭ አለው፤ የሕንድ ውቅያኖስ፣ የኮንጎ ደን፣ ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ሳይቀር እርጥበት ያዋጣሉ። ውሃ በተን መልክ በአየር ላይ የሚቆየው በአማካይ ዘጠኝ ቀን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ባሕር ባናይም ባሕር እኛን ያየናል፤ እያንዳንዱ ክረምት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነው። በልግ ሲቀር አባቶቻችን ሜዳ ወጥተው፣ እናቶቻችን ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ዱአ የሚያደርጉት የዚህን እንግዳ መምጫ ለማንም ማዘዝ ስለማይቻል ነው። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም። የመጣውን ማቆየት ግን በእጃችን ነው፤ ጨፋም ሲያደርግልን የኖረው ይህንኑ ነው።

አሁን የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻ ከሸለቆው ሰፊ መሬት ይዞ ነበር። ኋላ ሞተር ፓምፑ ረከሰ። ሽንኩርትና ማሾ ገበያ አገኙ። ገበሬው ከረግረጉ ዳር ቦይ ይቆርጣል፣ ውሃው ሲሸሽ ይዘራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦዩን ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልጆቹን የሚያስተምርበት ገንዘብ ከዚያ ሽንኩርት ነው የሚወጣው፤ ላወግዘው አልችልም። ግን መረሬ ውሃው ሲርቀው ይሰነጠቃል፤ ንቃቃቱ እግር ይውጣል። ቦዩም የሐምሌውን ደራሽ ሳያዘገይ ያሳልፈዋል። ጥር ላይ ለከብቱ የሚሆን ውሃ ሐምሌ ላይ ሄዷል ማለት ነው። አፋሮቹ ዛሬም ይመጣሉ፤ ሣሩ በጠበበ ቁጥር ጠቡ ይሰፋል፣ የአበጋሮቹም ሥራ ይከብዳል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ከላይ የሚመጣው ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረቱ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያ ነው። ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ የእህቴም ልጆች እዚያ ይሠራሉ። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የከተማዋን የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ቦርከና ይገባሉ። በእነዚህ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች አግኝተውባቸዋል። ወደ ባሕር በሚሄድ ወንዝ ላይ እንኳ ይህ ጥፋት ነው። በኛ ወንዝ ላይ ግን ከጥፋትም ይከፋል፤ ምክንያቱም ውሃው በሰማይ ሲወጣ ብረቱን ይዞ አይወጣም። ደንገሉ ጭቃውን ሲያረጋ ብረቱንም አብሮ ያረጋዋል። ከብቱ እዚያ ይጠጣል፣ ሽንኩርቱ በዚያ ይጠጣል፣ ወተቱና ሽንኩርቱ ከሚሴ ገበያ ይወጣል። የመምህራችን ቃል አሁን የሚያስፈራኝ በዚህ ነው። ወደ ቦርከና የጣልነው ነገር ሁሉ ከእኛው ጋር ይኖራል፤ ወስዶ የሚገላግለን ባሕር የለም።

ስለዚህ እለምናለሁ። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ለዮሌና ወደ ወርቃ አይልቀቁ፤ የሚቆጣጠረው አካልም የሚለካውን በየጊዜው ለሕዝብ ይንገር፣ ከሚሴ ላይ ያለው ገበሬ ምን እየጠጣ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። የዞኑ አስተዳደርና አበጋሮች አብረው ይቀመጡና ቦይ ለማይገባበት የረግረጉ እምብርት ወሰን ያኑሩለት፤ ወሰኑ ሲወጣም አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ሁሉም በዚያ ሸንጎ ይገኙ፣ ውሃው የሁላቸውም ነውና። ለገበሬው በረግረጉ ፈንታ ከዳርቻው የሚያለማበት ሌላ የውሃ ምንጭ ይፈለግለት፤ ባዶ እጁን «ተው» ማለት ፍርድ አይደለም። ወባውን በአጎበርና በመድኃኒት፣ ቢልሃርዚያውን በመጸዳጃ ቤትና በንጹህ የመጠጥ ውሃ እንዋጋው፤ ረግረጉን በማድረቅ አይደለም። እናንተ የከሚሴ፣ የሰንበቴና የሀርቡ የሳይንስ መምህራንም፣ ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንድ ምልክት ያለበት እንጨት ጨፋ ውስጥ ትከሉና የውሃውን ከፍታ በየወሩ ጻፉ። የሚቀጥለውን ክርክር የምንፈርድበት ቁጥር ከእናንተ ደብተር ይውጣ።